ቴኒስ ከአባት ወደ ልጅ፦ የሐራሬው ብላክ ቤተሰብና የድሬ ልጆቻችን

የከዚራ ልጅ

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች፣ እንዴት ናችሁ?

የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጄን ቴኒስ እያስተማርኳት ነው። እኔም በወጣትነቴ ለመሥሪያ ቤት ቡድን እጫወት ነበር። ራኬቷን አንግባ ስትሄድ ያያት ሁሉ «ይሄ በዘር የሚሄድ ጨዋታ ነው፣ ለምን ታደክማታለህ?» ይለኛል። በዘር መሄዱን አልክድም፤ የቴኒስ ታሪክ በአባትና ልጅ፣ በእናትና ልጅ የተሞላ ነው። ግን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሄደው ምንድነው? ደም ከሆነ አርፈን እንቀመጥ። ሌላ ነገር ከሆነ ድሬ ላይም ሊሆን ይችላል።

የሚወረሰው ደም ሳይሆን ሜዳውና የወላጅ ትምህርት ነው ብሎ እኔን ያሳመነኝ የዚምባብዌው ብላክ ቤተሰብ ነው። አባትየው ዶን ብላክ በ1950ዎቹ ዊምብልደን ላይ ተጫውቶ ሦስተኛ ዙር ደርሷል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያኔ ትልልቆቹ ውድድሮች ለአማተሮች ብቻ ነበሩ፤ ለፕሮፌሽናል የተከፈቱት በ1968 ነው። ስለዚህ ዶን ከቴኒስ ገንዘብ ያገኘ ሰው አይደለም። ከሐራሬ ወጣ ብሎ የአቮካዶ እርሻ ነበረው። እዚያው እርሻው ላይ የሣር ሜዳ አዘጋጅቶ ልጆቹን ራሱ አሰለጠነ፤ ባይረን፣ ዌይን እና ካራ። ሦስቱም ፕሮፌሽናል ሆኑ፣ ሦስቱም የግራንድ ስላም (የአራቱ ታላላቅ ውድድሮች፦ የአውስትራሊያ ኦፕን፣ የፈረንሳይ ኦፕን፣ ዊምብልደንና ዩ ኤስ ኦፕን) ዋንጫ አነሱ።

ባይረን በ1994 በጥንድ (ሁለት ለሁለት በሚደረገው ጨዋታ) የዓለም 1ኛ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ከአሜሪካዊው ጆናታን ስታርክ ጋር የፈረንሳይ ኦፕንን አሸነፈ። በነጠላም እስከ 22ኛ ደረጃ ወጥቷል፤ በ1995 ዩ ኤስ ኦፕን ላይ፣ በ2000 ደግሞ ዊምብልደን ላይ ሩብ ፍጻሜ ገብቷል። ዌይን ከአገሩ ልጅ ከኬቨን ዩሌት ጋር የ2001ን ዩ ኤስ ኦፕን እና የ2005ን የአውስትራሊያ ኦፕን ወሰደ። የመጨረሻዋ ልጅ ካራ ሁለቱንም በለጠቻቸው፦ 5 በሴቶች ጥንድ፣ 5 በወንድና ሴት ድብልቅ ጥንድ፣ በድምሩ 10 የግራንድ ስላም ዋንጫ። ከእነዚህ ውስጥ የ2002ን የፈረንሳይ ኦፕንና የ2004ን ዊምብልደን ያሸነፈችው ከገዛ ወንድሟ ከዌይን ጋር ነው። አባታቸው በተጫወተበት ዊምብልደን እህትና ወንድም አብረው ዋንጫ ሲያነሱ አስቡት።

ምን ትላላችሁ?

ሳቢያን ሰፈር

ወንድሜ ጽሑፍህ ደስ ይላል፣ ግን ደምን እንዲህ በቀላሉ አታልፈውም። የኮርዳን ቤት ተመልከት። አባት ፔትር ኮርዳ የ1998 የአውስትራሊያ ኦፕን አሸናፊ ነው፤ ቼኩ በዚያ ፍጻሜ የቺሊውን ማርሴሎ ሪዮስን 6ለ2፣ 6ለ2፣ 6ለ2 ነው የረታው። የዓለም 2ኛም ሆኗል። እናት ሬጊና ራይክርቶቫ ራሷ ፕሮፌሽናል ነበረች፣ 26ኛ ደረጃ ደርሳለች። ሦስት ልጅ ወለዱ። ሴባስቲያን ቴኒስ ተጫዋች ሆነ፤ ጄሲካና ኔሊ ግን ጎልፍ መረጡ። ኔሊ በጎልፍ የዓለም 1ኛ ሆናለች፣ ከቶኪዮ ኦሊምፒክም ወርቅ አምጥታለች። ጄሲካም የ2012ን የአውስትራሊያ ሴቶች ጎልፍ ኦፕን አሸንፋለች።

«የሚወረሰው ሜዳው ነው» ካልን እነዚህ ሁለት ሴቶች የተወለዱት ከቴኒስ ሜዳ ነው፣ ያሸነፉት ግን ጎልፍ ላይ ነው። የእጅና የዓይን ቅንጅት፣ የወገብ ቅልጥፍና ከሆድ ይዘውት የወጡት ነገር ነው።

ባቡር ሰፈር

ሳቢያን፣ ያነሳኸው ቤት ለክርክሩ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንየው። ሴባስቲያን በልጅነቱ ቴኒስ ተጫዋች አልነበረም፤ የበረዶ ሆኪ ነበር የሚጫወተው። በ2009 አባቱ የቼኩ ራዴክ ሽቴፓኔክ አሰልጣኝ ነበር፣ ልጁን ይዞት ዩ ኤስ ኦፕን ሄደ። ሽቴፓኔክ ከጆኮቪች ጋር በዚያ በግዙፉ አርተር አሽ ስታዲየም ማታ ሲጫወት ሕፃኑ ቁጭ ብሎ አየ። ከዚያ በኋላ ነው ሆኪውን ትቶ ወደ ቴኒስ የገባው። በ2018 የአውስትራሊያ ኦፕንን በታዳጊዎች አሸነፈ፣ አባቱ ካሸነፈ ልክ በ20 ዓመቱ ማለት ነው። በ2024 ደግሞ የዋሽንግተንን ውድድር አሸነፈ፤ አባቱ በ1992 ያሸነፈው ያንኑ ውድድር ነው።

ደሙ ከተወለደ ጀምሮ ነበረ። ቴኒስ ውስጥ የገባው ግን አባቱ ያንን ምሽት ስላሳየው ነው። አብዛኛው ልጅ እዚያ መቀመጫ ላይ አይቀመጥም።

ስለ ደም ካነሳን ሽቴፊ ግራፍ በነጠላ 22 ግራንድ ስላም አላት፣ አንድሬ አጋሲ 8። ባልና ሚስት ናቸው። ሁለት ልጆች አሏቸው፣ አንዳቸውም የቴኒስ ፕሮፌሽናል አልሆኑም፤ ወንዱ ቤዝቦል ነው የመረጠው። 11 ግራንድ ስላም ያለው የቢዮርን ቦርግ ልጅ ሊዮ ደግሞ ፕሮፌሽናል ሆኖ በትንንሾቹ ውድድሮች ይታገላል፣ ከዓለም የመጀመሪያዎቹ መቶ ውስጥ ግን አልገባም። ደም ብቻውን ቢበቃ ኖሮ እነዚህ ልጆች ማንም አይቀድማቸውም ነበር።

ሳቢያን ሰፈር

ሊዮ ቦርግ በ2003 የተወለደ ወጣት ነው፣ ተስፋ አትቁረጥበት። ደም ብቻ ይበቃል አላልኩም አቦ። ያለ ደም ከባድ ነው ነው ያልኩት።

እመ ሶስና

እኔ ልጄን ዋና የማመላልስ እናት ነኝ፤ ቴኒስ የማውቀው በቴሌቪዥን ነው። የደምና የሜዳ ክርክር ለእኔ ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ የምጠይቀው ልጅቷ አባቷን እንደ አባት ታገኘዋለች ወይ ብዬ ነው። የአጋሲ አባት በ1948 እና በ1952 ኦሊምፒክ ለኢራን ቦክስ የተጫወተ ሰው ነው፤ ልጁን ገና በሕፃንነቱ ኳስ በሚተፋ ማሽን ፊት አቆመው። አጋሲ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ያን ሁሉ ዋንጫ አንስቶ፣ ቴኒስን እጠላው ነበር ብሎ ለዓለም ተናገረ። የግሪኩ ሲሲፓስም በአባቱ በአፖስቶሎስ ነበር የሚሰለጥነው፤ በ2024 ሰው ሁሉ እያየ ሜዳ ላይ ተጋጩና ተለያዩ።

ስለዚህ የከዚራ ልጅ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፦ ከሜዳ ወደ ቤት ስትመለሱ ስለምን ታወራላችሁ? ማታ እራት ላይስ? ቀኑን ሙሉ አሰልጣኝ ከሆንክ ልጅቷ ስትሸነፍ ወደ ማን ትሩጥ?

የከዚራ ልጅ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ከልብ ነው፣ ከልቤ ነው የምመልስልሽ። የሜዳውን በር ከዘጋን በኋላ ስለ ቴኒስ እኔ አልጀምርም፤ ልትጀምር የምትችለው እሷ ናት። ይህን ሕግ ያወጣነው እናቷ ፊት ነው። እናቷ ደግሞ ለእኔም ለልጅቷም አታዳላም።

ደግሞ ከአባት ጋር የተሳካለትንም እንይ። ብራያን ሸልተን በ1992 የዓለም 55ኛ ነበር፣ የአሜሪካውን የኒውፖርት ውድድር ሁለት ጊዜ አሸንፏል። ልጁ ቤን በትንሽነቱ የአሜሪካን ፉትቦል ሲጫወት አባትየው አልከለከለውም፤ ወደ ቴኒስ የመጣው ራሱ ሲፈልግ ነው። በኋላ አባቱ በሚያሰለጥንበት በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ፣ በ2022 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የነጠላ ሻምፒዮን ሆነ። ከአሜሪካ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ለ2023 የአውስትራሊያ ኦፕን ነው፤ በዚያ ጉዞ ሩብ ፍጻሜ ገባ! አባቱ ሥራውን ለቆ አብሮት መዞር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቸኩሎ ቢሆን ኖሮ ያን ልጅ ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ ይጨርሰው ነበር።

እመ ሶስና

እግዜር ይስጥህ። በተለይ የእናቷ ነገር ደስ ብሎኛል።

ደቻቱ ማዶ

ሁላችሁም ጥሩ ትጽፋላችሁ፣ አንድ ነገር ግን ዘላችኋል። «እርሻው ላይ ሜዳ አዘጋጀ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቧት። እርሻ የነበረው ማነው? የዚያን ጊዜ አገሩ ሮዴሽያ ነበር። የ1930ው የመሬት ድልድል ሕግ ምርጡን መሬት ለነጮች ከልሎ ነበር። ዶን ብላክ ጎበዝ አባት ነው፣ የልጆቹም ድካም የራሳቸው ነው፣ አልነካባቸውም። ነገር ግን ከአጥሩ ማዶ ያሉ ጥቁር ሠራተኞች ልጆች ያን ሣር መርገጥ ይችሉ ነበር ወይ ብለን ሳንጠይቅ «አፍሪካ ውስጥም ይቻላል» ብንል ራሳችንን ነው የምናታልለው።

ኮርዳም ቢሆን፣ ሸልተንም ቢሆን፣ ልጆቹ ጉዞውን የጀመሩት ወላጆቻቸው ከጨረሱበት ነው። እኛ ጋ አንድ ጥሩ ራኬት የሚገባው ሰው ከውጭ ሲልክልን ነው። ኳሱ ከተከፈተ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይሞታል። እንዲያው የሞተውን ኳስ ወር ሙሉ ስንመታ አይታችሁናል። ስለ ውርስ ስናወራ መጀመሪያ ገንዘቡን እናስቀምጥ።

የከዚራ ልጅ

ደቻቱ፣ ይሄ መባል ነበረበት፤ በአጥሩ ጉዳይ አንድ ቃል አልጨምርም። ግን ያ አጥር የሚነግረኝ ሌላም ነገር አለ። ብዙ እርሻ ነበር፣ ብዙ ገንዘብ ያለው ገበሬም ነበር፤ ሦስት ሻምፒዮን የወጣው ግን ዊምብልደንን የሚያውቅ አባት ካለበት እርሻ ነው። ገንዘብ ሜዳ ይሠራል። በአሥር ዓመቷ ምን ማድረግ እንዳለባትና ምን ማድረግ እንደሌለባት የሚነግራት ግን ያንን መንገድ አንዴ የሄደበት ሰው ነው። የኖርዌዩን ክርስቲያን ሩድን እዩ፤ ከፍተኛ ደረጃው 39ኛ ነበር፣ በ1995 ስዊድን ቦስታድ ላይ ፍጻሜ ደርሶ ተሸነፈ። ልጁ ካስፐር በ2021 ቦስታድን አሸነፈ፣ በ2022 የዓለም 2ኛ ሆነ፣ ሦስት የግራንድ ስላም ፍጻሜ ተጫወተ። አባትየው ዋንጫ አላወረሰውም። የት ላይ እንደሚሰናከል ያውቅ ነበር።

የድሮ ኳስ አቀባይ

ልጆቼ፣ ስታወሩ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ በልጅነቴ እዚህ ድሬ አንድ የሠራተኞች ክለብ ግቢ ውስጥ ኳስ አቀባይ ነበርኩ። ሜዳው ቀይ አፈር ነው። ማለዳ ውኃ ይረጫል፣ ከዚያ ሲሚንቶ የተሞላ በርሜል ሁለት ሆነን እየጎተትን እንደመድመዋለን፣ መስመሩን በኖራ እናሰምራለን። በድሬ ፀሐይ ውኃው ቶሎ ይደርቃል፤ ካረፈድክ አፈሩ ይሰነጠቅና ኳሱ ወዳልታሰበበት ይነጥራል። መሐንዲሶቹና ሹማምንቱ ከሥራ በኋላ ይመጣሉ። እኛ መረቡ ጫፍ ላይ በርከክ ብለን እንጠብቃለን።

ትልልቆቹ ሲሄዱና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከሳጥን ጣውላ የጠረብነውን ራኬት እናወጣለን። ማንም አላስተማረንም። ግን ከሁሉም ጥሩ የሚመታው ሰውዬ እግሩን እንዴት እንደሚያስቀድም፣ ኳሱ ከመነጠሩ በፊት ትከሻውን እንዴት እንደሚያዞር በዓይናችን ጠጥተነዋል። ከመካከላችን በኋላ እነዚያኑ ሹማምንት የረታ ልጅ ወጥቷል። አባቱ ባቡር ላይ ከሰል አመላላሽ ነበር። የቴኒስ አባት አልነበረውም፤ ከአጥሩ በዚህ በኩል መሆኑ ግን ጠቀመው።

ስለዚህ ደቻቱ ያለው እውነት ነው፣ የከዚራ ልጅም ያለው እውነት ነው። ልጅ የሚያየው ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው አባቱ ከሆነ በየቀኑ ያየዋል። አባቱ ካልሆነ በሩ ክፍት መሆን አለበት። ክለቡ ሲዳከም እኔን ያሳዘነኝ ሜዳው አልነበረም፤ የሚያውቁት ሰዎች መምጣት ማቆማቸው ነው።

ደቻቱ ማዶ

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎ። ስለ ከሰል አመላላሹ ልጅ ሌላ ጊዜ ሰፋ አድርገው ይጻፉልን።

ባቡር ሰፈር

ጋሼ የተናገሩት የሕንዶቹን ክሪሽናኖች አስታወሰኝ። ራማናታን ክሪሽናን የ1954 የዊምብልደን ታዳጊዎች ሻምፒዮን ነው፣ በ1960 እና በ1961 እዚያው ዊምብልደን በአዋቂዎቹ ግማሽ ፍጻሜ ገብቷል። ልጁ ራሜሽ በ1979 ያንኑ የታዳጊዎች ዋንጫ አነሳ። ሕንድ በ1966 ለዴቪስ ካፕ (የአገሮች ቡድን ውድድር) ፍጻሜ ስትደርስ አባትየው ነበር፣ በ1987 ስትደርስ ልጅየው። ሁለቱም ጊዜ ተሸንፈዋል፣ ግን ሕንድ ውስጥ አንድ ትውልድ ሙሉ ቴኒስ የጀመረው እነሱን አይቶ ነው። የዚምባብዌ ልጆችም እንደዚያው፤ በ1998 ባይረንና ዌይን ያሉበት ቡድን አውስትራሊያን በገዛ ሜዳዋ ሚልዱራ ላይ 3ለ2 አሸንፏል። በ2000 ሐራሬ ላይ ደግሞ አጋሲ የተሰለፈበትን፣ የቀድሞው ኮከብ ጆን ማኬንሮ የሚመራውን የአሜሪካ ቡድን እስከ መጨረሻው ጨዋታ አስጨንቀው ነው 3ለ2 የተሸነፉት። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ወንድማማቾች የአገር ቡድን ተሸከሙ።

የጀጎል መምህር

ከሐረር ነኝ፣ የስፖርት መምህር። ክርክሩን ለእናንተ ትቼ ለልጅቷ የሚጠቅም ነገር ልበል።

አንደኛ ከፍታ። ሐራሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,490 ሜትር ገደማ ናት፤ ድሬ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። ማለትም ብላኮች ያደጉት ከድሬ ከፍ፣ ከሐረር ዝቅ ባለ ቦታ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ይፈጥናል፤ በውስጡ የታመቀው አየርም ከውጭው ስለሚበልጥ ከልክ በላይ ይነጥራል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚካሄድ ጨዋታ ለብቻው የከፍታ ኳስ አለው። ድሬ ድንበሩ ላይ ናት፤ እኛ ሐረሮች ግን በተራ ኳስ ስንጫወት ልጆቹ ትከሻቸው ላይ ደርሶባቸው ነው የሚመቱት። ክንዳቸው የሚታመመውም፣ ባክሃንዳቸው (በእጅ ጀርባ በኩል የሚመቱት) የሚበላሸውም ለዚህ ነው። ደቻቱ የናቅከው የሞተ ኳስ ለትንንሽ ልጆች ሐረር ላይ በጣም ጥሩ ኳስ ነው!

ሁለተኛ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በሙሉ ሜዳ ላይ ቢጫ ኳስ ማሯሯጥ የለባትም። ከ2012 ጀምሮ የ10 ዓመትና ከዚያ በታች ውድድር በተራው ቢጫ ኳስ አይካሄድም። ቀዩ ኳስ ከተለመደው 75 በመቶ ይዘገያል፣ ሜዳውም 11 ሜትር ያህል ነው። ብርቱካናማው 50 በመቶ ይዘገያል፣ ሜዳው 18 ሜትር ነው። አረንጓዴው 25 በመቶ ይዘገያል፣ ሙሉውን 23.77 ሜትር ይጠቀማል። ልጅህ ብርቱካናማው ላይ ናት። ባለ ቀለሙ ኳስ ካልተገኘ ነፍሱ የወጣ ኳስ ተጠቀም፣ ሜዳውን ግን አሳጥር። መስመሩን በኖራ ስታሰምረው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በአንዱ ትልቅ ሜዳ ላይ አራት የቀይ ኳስ ሜዳ ይወጣል፤ አንተ ከአንዲት ልጅ ጋር የምትጫወትበት ቦታ ስምንት ልጅ ይይዛል።

ሦስተኛ፣ ባይረን ብላክ ፎርሃንዱንም (በመዳፍ በኩል የሚመታውን) ባክሃንዱንም በሁለት እጁ ነበር የሚመታው። 1.75 ሜትር ቁመት ይዞ ከዓለም 22ኛ ደርሷል። ልጅቷ ፎርሃንዷን በሁለት እጅ መያዝ ከፈለገች አትከልክላት፤ ጉልበቷ ሲጠነክር ራሷ ትለቀዋለች፣ ካልለቀቀችም ምንም አይደለም።

የከዚራ ልጅ

መምህር፣ እጅግ አመሰግናለሁ። በሁለት እጅ መያዟን ሳስተካክላት ነበር የከረምኩት፤ ከነገ ጀምሮ እተዋታለሁ። የአራቱን ሜዳ ሐሳብ ደግሞ እፈልገዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ የሰፈር ልጆች ይዤ እገባለሁ። ከግቢው ጥበቃ ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ኃላፊዎቹም የሠራተኛ ልጅ ያልሆኑትንም እንዳስገባ ፈቅደውልኛል። ጋሼ፣ እርስዎ ቢመጡልን ልጆቹ የሚያዩት ሰው ያገኛሉ።

የድሮ ኳስ አቀባይ

ጉልበቴ ለመሮጥ አይሆንም። ኳሱን ግን ቆሜ መመገብ እችላለሁ። እመጣለሁ።

ደቻቱ ማዶ

ኖራውን ለእኔ ተዉት። የተጠቀምንባቸው ኳሶች አንድ ጆንያ ሙሉ ቤቴ አሉ፣ በባጃጅ ይዤ እመጣለሁ። የእህቴንም ሁለት ልጆች አመጣለሁ፣ ስድስትና ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

ሳቢያን ሰፈር

እኔም ወንዱን ልጄን ላምጣው? አባቱ ቴኒስ አይችልም።

የከዚራ ልጅ

ይዘኸው ና። አንተም መረብ ትወጥራለህ።

እመ ሶስና

ውኃ በጀሪካን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ኮፍያ ሳይዝ የሚመጣ ልጅ ደግሞ ጥላ ሥር ይቀመጥ። ሶስናም ልየው ብላለች።

ደቻቱ ማዶ

መምህር፣ አንድ ጥያቄ፦ ለስድስት ዓመቷ ልጅ ባለ ስንት ኢንች ራኬት ልፈልግ? ዘመድ ከጅቡቲ ሊልክልን ነው።

የጀጎል መምህር

ለስድስት ዓመቷ 21 ወይም 23 ኢንች፣ ለዘጠኝ ዓመቱ 25። የአዋቂው 27 ነው፣ እሱን እንዳይልክ በደንብ ንገረው። «ያድጉበታል» ብለው የሚልኩት ራኬት ነው የልጆቹን አንጓ የሚጎዳው።